የቀበና ተፋሰስ፦ ሞዴሌ መሃል ከተማው ላይ ምንም አልተለወጠም ይለኛል

ቀበና ማዶ
ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። የማስተርስ ጥናቴ የመኖሪያ ቤት መስፋፋትን በሞዴል ተከትሎ ወንዝ ላይ የሚያመጣውን ጫና ማየት ነው። የያዝኩት የቀበናን ተፋሰስ ነው፤ ከእንጦጦ ጀምሬ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ወርጄ፣ ግንፍሌንና ባንቲይቀጡን ጨምሬ መሃል ከተማውን እስኪያልፍ ድረስ።

የተጠቀምኩበት ስሉዝ የሚባለው ሴሉላር አውቶማታ ነው። ለማታውቁት፣ መሬቱን በትንንሽ ካሬ ይከፋፍልና እያንዳንዱ ካሬ ጎረቤቱን፣ ተዳፋቱንና የመንገዱን ቅርበት አይቶ ከተማ ይሁን አይሁን ይወስናል። የመሬት ሽፋኑን ያወጣሁት ላንድሳት ከሚባለው ሳተላይት ምስል ነው፣ ካሬው 30 ሜትር በ30 ሜትር። ሁሉም የበጋ ምስል ነው፤ ክረምቱማ ደመና ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ግራ አጋብቶኛል። ትክክለኛነቱ ሲሰላ ከ90 በመቶ በላይ ይወጣል፣ አማካሪዬም «ጥሩ ነው፣ ጻፈው» ብሎኛል። ካርታውን ይዤ ከላይ ወደ ታች ስወርድ ግን ቤት ይሠራበታል ያለው ቦታ ባሕር ዛፍ ነው፤ አይሠራበትም ያለው ገደል በቆርቆሮ ተሞልቷል። ሌላው መሃሉ ነው። አራት ኪሎ፣ ካሳንቺስ፣ ከፒያሳ ጀርባ ያለው ሁሉ ከመጀመሪያው ምስል ጀምሮ ቀይ፣ ማለትም ከተማ ነው፣ እስከ መጨረሻውም ቀይ። እዚያ ምንም አልተለወጠም ይላል። እዚያ ሰፈር ላደገ ሰው ይህ ስድብ ነው። ምን ባደርግ ይሻላል?

ዋልካ
የመጀመሪያው ቀላል ነው። 100 ካሬ አለህ እንበል፣ በአሥር ዓመት የተለወጠው 5 ብቻ ነው። «ምንም አይለወጥም» ብሎ የተኛ ሞዴል 95 ያገኛል። ያንተው ከተኛው ይሻላል ወይ ነው ጥያቄው። ስለዚህ ሳይለወጥ የቀረውን ከሒሳቡ አውጣው። ፖንቲየስ የሚባለው የመሬት ለውጥ ሞዴል ተመራማሪ የሚጠቀምበት መለኪያ አለ፦ በትክክል የተነበይከውን ለውጥ ወስደህ፣ ለእሱ ራሱ፣ ላመለጠህና በከንቱ ለተነበይከው ድምር ታካፍለዋለህ። ቁጥሩ ክፉኛ ይወርዳል፣ አትደንግጥ። እ.ኤ.አ. በ2008 እነ ፖንቲየስ ያወጡት ንጽጽር 13 የሞዴል ሥራዎችን አይቶ፣ በ12ቱ ስህተቱ በትክክል ከተገኘው ለውጥ በልጦ አግኝቶታል። አንተም ከነሱ ጋር ትሰለፋለህ።

ገደሉን በተመለከተ፦ ስሉዝ ውስጥ ተዳፋት ከልካይ ነው። ሰው ወደ ገደል የሚሄደው ሜዳ ሲያልቅበት ነው ከሚል ሐሳብ የተነሣ ነው። እዚህ ግን ወንዝ ዳር ያለው ገደል ማንም ካርታ የማያወጣለት፣ ማንም የማይጠይቀው መሬት ነው፤ ድሃ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ተዳፋቱን በሁለት ክፈለው፣ የተራራው ለብቻ፣ የወንዙ ዳር ለብቻ። ያን ካላደረግህ ካሊብሬሽኑ፣ ሞዴሉን ካለፈው ለውጥ ጋር የምታስተካክልበት ሥራ፣ ሁለቱን አማክሎ ለማንም የማይሆን ቁጥር ይሰጥሃል።

ምስሎችህንም እያቸው። በበጋ የዛገ ቆርቆሮና የታረሰ ደረቅ አፈር ይመሳሰላሉ። ከግንቦት 2003 እ.ኤ.አ. በኋላ የተነሣ የላንድሳት 7 ምስል ካለህ ደግሞ መሣሪያው ስለተበላሸ በመስመር የተሸነታተረ ነው።

ሰባ ደረጃ
አማካሪህ ጻፈው ካለህ ጻፈው እንጂ ወንድሜ ኪኪኪ። ሰው ሳይመረቅ የሚያረጀው እንዲህ ሲጠነቀቅ ነው።

ጡረተኛው ቀያሽ
ልጄ፣ የሁለተኛው ጥያቄህን መልስ ከሰማይ አታገኘውም፤ ግቢ ገብተህ ነው የምታየው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርሃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ፣ ከዚያ በታች ያለው ለቀበሌ ተሰጠ። ግንፍሌና ቀበና ዳር የነበረው አብዛኛው ቤት ጭቃ ስለነበር የቀበሌ ሆነ። የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው በወረቀት አይሸጥም፣ አያፈርስም፣ አያስፋፋም። ቤተሰብ ግን ወረቀት አያነብም። ልጅ ሲያገባ ከዋናው ቤት ጎን ተለጣፊ ይወጣል፣ ማድቤቱ ተለስኖ ይከራያል፣ ሽንት ቤቱ ወደ ወንዙ ይገፋል። የጓሮው ጎመንና ኮክ ያለቀው በዚህ ነው። በመጨረሻ ሴቶቹ ጭቃ ሲሰለቻቸው የቀረችውን ግቢ ሲሚንቶ ያስደርጓታል፤ ማን ይፈርድባቸዋል።

ሳተላይትህ ያኔም ቆርቆሮ አየ፣ ዛሬም ቆርቆሮ አየ። እኔ ቀያሽ ሆኜ ስዞር ግን ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሬ ችካል የምተክልበት አፈር ነበር፤ ኋላ ኋላ ችካሉን በመዶሻ ሲሚንቶ ሰብረን ነበር የምንተክለው። ከተማው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ውስጥ ነው ያደገው።

ቀበና ማዶ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ማንም በመጽሐፍ አልነገረኝም። እንግዲህ ከተማ ነው/አይደለም የሚለው አከፋፈል ራሱ መሃል ከተማ ላይ አይሠራም ማለት ነው?

ዋልካ
አይሠራም። ጋሼ የጨረሱትን በቁጥር ልድገመው።

ለእያንዳንዱ ካሬ 0 ወይም 1 ከመስጠት፣ ውሃ የማይሰርግበት ገጽ ከመቶ ስንት ነው የሚለውን ስጠው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ላለው ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት አለህ፣ ካሬው 10 ሜትር ነው። ከዚያ በፊት ላለው የአየር ፎቶ ፈልገህ የተወሰኑ ሰፈሮችን በእጅህ ቁጠር።

ለምን እንደሚጠቅም ተመልከት። በከርቭ ነምበር ዘዴ ሒሳቡን ልሥራው፤ ከርቭ ነምበር ለመሬቱ የሚሰጥ ቁጥር ነው፣ ከፍ ባለ መጠን የሚሰርገው ውሃ ያንሳል፣ ወደ ወንዝ የሚሄደው ይበዛል። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ፣ ነሐሴ ላይ የሚያስገርም አይደለም። ሣርና ዛፍ ያለበት ቦታ ከርቭ ነምበሩ 70 ቢሆን ወደ ወንዙ የሚሄደው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቤትና በሲሚንቶ ተሸፍኖ 90 ሲደርስ 27 ገደማ ይሆናል። ዝናቡ አልጨመረም፣ ጎርፉ ግን ወደ አምስት እጥፍ ሆነ። አሁን ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦሌና አቃቂ ዋልካ አፈር ሂድ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቅና ውሃ ይውጣል፤ ክረምቱ ገፍቶ ካበጠ በኋላ ግን ራሱ ይደፈናል። ሳር እያለበትም 80 ስጠው፤ ቤት ሲሠራበት 92 ይሁን። ከ14 ወደ 31 ገደማ ነው የሚሄደው፣ ሁለት እጥፍ ትንሽ አለፍ ያለ። እንግዲህ አንድ ዓይነት ቤት እንጦጦ ሥርና አቃቂ ሜዳ ላይ ሲሠራ ለወንዙ አንድ አይደለም። ሞዴልህ ስንት ቤት ተሠራ ብቻ ሳይሆን የት የሚለውን በትክክል ማግኘት ያለበት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ከልብህ አውጣ። የውጭ ጽሑፎች ላይ የማይሰርግ ገጽ 10 በመቶ ሲያልፍ ወንዝ መታመም ይጀምራል የሚል ነገር ታገኛለህ። ለራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ይህን መጻፍ ቀልድ ነው፤ እሱን ያለፍነው እኛ ሳንወለድ ነው።

ልደታ
ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለሆንኩ ከካሬው ይልቅ የሚወስነው ሰው ነው የሚያሳስበኝ።

በተፋሰስ ደረጃ የቤት መስፋፋትን በኢኮኖሚ ሞዴል ከሠሩት ቀዳሚዎቹ በአሜሪካ ሜሪላንድ የፓተክሰንት ወንዝ ላይ የሠሩት ናቸው፤ እነ ናንሲ ቦክስቴል፣ በኋላም ኤሌና ኧርዊን። ወንዙ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል አልፎ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባል፣ ሁለቱም ከተሞች የሚሰፉት ወደ እሱ ነው። ካሬ አልቆጠሩም። ባዶ ይዞታ ያለውን ባለመሬት ወስደው «ይህ ሰው መሬቱን መቼ ነው ለቤት የሚለውጠው?» ብለው ጠየቁ። መልሱን በርቀት፣ በዞኒንግ (የት ምን ይሠራ በሚለው ደንብ)፣ በፍሳሽ መስመር፣ በጎረቤት ሁኔታ እየለኩ በየዓመቱ የመለወጥ ዕድሉን ገመቱ። ያገኙት አንድ ነገር በጣም ይገርመኛል፦ ከከተማው ወጣ ባለው አካባቢ አንድ ይዞታ አጠገቡ ቤት ሲበዛበት የመለወጥ ዕድሉ ይቀንሳል። እዚያ የሚሄደው ሰው ሜዳና ጸጥታ ፈልጎ ነው የሚሄደው፣ ጎረቤት ይገፋዋል። መበታተኑ ከዚያ ይመጣል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሴፕቲክ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ስላለውም ናይትሮጅኑ በከርሰ ምድር አድርጎ ወንዙ ውስጥ ነው የሚያርፈው። ሜሪላንድ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የመንግሥት የመሠረተ ልማት ገንዘብ ለተመረጡ አካባቢዎች ብቻ ይሂድ ያለችው ያንን ስፋት ለመግታት ነው።

ወንድሜ፣ ያንን ሞዴል ሳትነካካ እዚህ ካመጣኸው የሚጎድልህ ዋናው ተዋናይ ነው። እዚህ ባለመሬት የለም። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው።

ሊዝ ነክ
እኅቴ ልክ ነሽ፣ ግን «ባለመሬት የለም» የሚለው ከእኛ ቢሮ መስኮት ሲታይ ትንሽ ይለያል። የምሠራበትን አልናገርም፣ ካርታና ይዞታ ነክ ነው።

አዲስ አበባ ላይ መሬት ወደ ቤት የሚለወጥባቸው መንገዶች በአንድ ቀመር አይገቡም። ሊዝ አለ፣ ጨረታና ምደባ፤ ይህ በፕላን ይሄዳል፣ ቁጥሩም ትንሽ ነው። የመንግሥት ግንባታ አለ፤ ኮንዶሚኒየም በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ሲጀመር መሃል ከተማ ውስጥም ይሠራ ነበር፣ ልደታን አስታውሱ፤ ከዚያ ግን የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እያለ ጠርዝ ላይ ወጣ። እንዲህ ያለ ሳይት ሲመጣ አንድ ሜዳ በአንድ ውሳኔ ይለወጣል፣ ጎረቤቱን አይጠይቅም። ሦስተኛው ከገበሬ በደላላ የሚገዛው ነው፣ ጨረቃ ቤት የምንለው።

ጨረቃ ቤቱ ላይ ነው የሜሪላንዱ ነገር የሚገለበጠው። እዚያ ጎረቤት ይገፋል ካልሽ፣ እዚህ ጎረቤት ይጎትታል። ብቻውን የቆመ ቤት አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ በአንድ ጠዋት ይሄዳል። መቶ ቤት ከሆኑ መብራት ይገባላቸዋል፣ ዕድር ይመሠርታሉ፣ ስም ያወጣሉ፣ ከዚያ ማን ይነካቸዋል። ስለዚህ ማንም ዳር መሆን አይፈልግም።

ሌላም ሞዴልህ ውስጥ ልታስገባው የሚገባ አለ። ከ1988 እስከ 1997 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የተያዙ ቦታዎች ሥርዓት እንዲይዙ ሲደረግ ማስረጃው የአየር ፎቶ ነበር። ቤቱ በ1997ቱ ፎቶ ላይ ከታየ ካርታ የማግኘት ተስፋ አለ፣ ካልታየ የለም። ከዚያ ወዲህ የሠራ ሰው ሁሉ ቀጣዩን ፎቶ እየጠበቀ ነው የሠራው። ጣሪያ ብቻ የቆመበት፣ ሰው የማይኖርበት ቤት ያየ ሰው ምክንያቱ ይህ መሆኑን ይወቅ። ለወንዙ ግን የሚኖርበትም የማይኖርበትም ጣሪያ እኩል ያፈስሳል።

ልደታ
ግሩም ነው ያልከው። አንድ ነገር ግን ልከራከር። የመንግሥት ውሳኔ ከሰማይ አይወርድም። በአዋጅ 455/1997 ዓ.ም. ገበሬ ሲነሣ የሚከፈለው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር፤ የመሬቱ የገበያ ዋጋ አይገባበትም። በ2011ዱ አዋጅ 1161 ወደ አሥራ አምስት ከፍ ብሏል። ስንዴና ጤፍ የሚያበቅል ሄክታር በዚህ ስሌት በጣም ርካሽ ነው፤ መሃል ከተማ አንድ መንደር ከማንሣት ጋር አይወዳደርም። እንግዲህ ሳይቱ ጠርዝ ላይ የሄደው የካሳው ሒሳብ ወደዚያ ስለገፋው ነው። ይህ በተለዋዋጭነት ይገባል።

ሊዝ ነክ
በወረቀት አዎ። ታዲያ ካሳው ነው የሚወስነው ካልሽ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ፒያሳና ካሳንቺስ ለምን ፈረሱ? ውድ የተባለው መሃሉ አይደል? የኮሪደር ልማቱን በካሳ ስሌት ማን ይተነብየው ነበር? እኔ የምለው የመንግሥትን ውሳኔ አትተንብይ ነው። ሁለት ሦስት አማራጭ ሁኔታ አድርገህ ከውጭ አስገባው፤ ቀሪውን፣ ደላላና ገበሬ የሚሠሩትን፣ ሞዴሉ ይተንብይ። እሱ ቢያንስ ሥርዓት አለው።

ልደታ
ለማስተርስ ከሆነ እቀበላለሁ። ለፒኤችዲ ከሆነ አልለቅህም ነበር።

ካሳንቺስ የነበርኩ
ስትነጋገሩ እያነበብኩ ነበር፣ ሙያዬ ሌላ ነው፣ ይቅርታ። እኛ ከካሳንቺስ ተነሥተን ብዙ ጎረቤቶቻችን ገላን ጉራ ነው የገቡት። ጠያቂው ቀበናን ብቻ ቆርጫለሁ ብሏል። እኛ ከቀበና ተፋሰስ ወጥተን ሌላ ወንዝ ላይ ቤት ሆንን፤ ባንተ ካርታ ላይ መሃሉ ቀለለ፣ የኛን ቤት ግን የሚቆጥረው ማነው? ደግሞ ልጆቻችን ትምህርት ቤታቸው መሃል ስለሆነ ጠዋት ተመልሰን እንመጣለን፣ መንገዱም ሊሰፋ ነው።

ዋልካ
ይህን ነጥብ የትኛውም ገምጋሚ ያነሣብሃል፣ አሁን ነፃ አገኘኸው። ውሃ በተፋሰስ ወሰን ይገዛል፣ ሰው አይገዛም። የቤቱን ፍላጎት ለመላው ከተማና ለዙሪያዋ አስላው፣ ሸገር ከተማንም ጨምረህ፤ ቀበናን ከዚያ ውስጥ ቁረጠው። ደግሞም ብዙ አትጨነቅ፣ ቀበናም ገላንም ዞሮ ዞሮ አቃቂ ነው፣ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ አዋሽ።

ሰባ ደረጃ
ቁም ነገር ልጠይቅ። ወንዝ ዳር ያለው ቤት ተነሥቶ መናፈሻ ከሆነ፣ ወዳጅነትን እንውሰድ፣ ባንቲይቀጡ ላይ፣ ጎርፉ ይቀንሳል ማለት ነው? ሣር አይደል?

ዋልካ
ጥያቄህ ከኪኪኪ ይሻላል። ወንዝ ዳር ያለው ክፍት ቦታ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው የሚያርፍበት ሜዳ ይሆናል፣ የሚሞትም ሰው አይኖርበትም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማው ውስጥ በጎርፍ የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ግን የጎርፉ መጠን የሚወሰነው ከላይ ባለው ሰፊ ቦታ ነው፣ ዳር ባለችው ጠባብ መስመር አይደለም። እንጦጦ ሥር ያለው ካልተያዘ መናፈሻውም ይዋኛል። ዳሩ በድንጋይና በኮንክሪት ከታጠረ ደግሞ ውሃው ይፈጥንና ችግሩን ወደ ታች ሰፈር ይልከዋል።

ጡረተኛው ቀያሽ
ታች ሰፈር ያለው ሁልጊዜ ታች ነው።

ቀበና ማዶ ልጄ፣ ግቢ የመቁጠሩን ነገር ብቻህን አትጀምረው፣ ሰው የማያውቀው ልጅ ሜትር ይዞ ሲገባ «ሊያፈርሱ መጡ» ይባላል፣ ማንም እውነቱን አይነግርህም። ቀበና ድልድይ አካባቢ የማውቃቸው ዕድርተኞች አሉ። እነሱ ፊት ይቅደሙ። «ይህ ግቢ መቼ ሲሚንቶ ሆነ?» ብለህ ጠይቃቸው፤ በልጃቸው ሠርግና በለቅሶ ነው የሚያስታውሱት፣ ከፎቶህ የበለጠ ዓመቱን ይይዙታል።

ቀበና ማዶ
ጋሼ፣ ቅዳሜ ይመችዎታል? በውስጥ መስመር ስልኬን ልኬያለሁ።

እስካሁን የተረዳሁትን ልንገራችሁና አርሙኝ። ተፋሰሱን ሁለት አደርገዋለሁ። ከላይ እንጦጦ ሥር ያለው ላይ ካሬ ከዛፍ ወደ ቤት መለወጡን እተነብያለሁ፣ ጎረቤት ሳቢ ሆኖ፣ ተዳፋቱም ለተራራና ለወንዝ ዳር ተለይቶ። መሃሉ ላይ ለውጡ በግቢ ውስጥ ስለሆነ የማይሰርገውን ገጽ በመቶኛ እከተላለሁ። የኮሪደሩንና የመልሶ ማልማቱን ከውጭ እንደ አማራጭ ሁኔታ አስገባለሁ። የ1997ቱን ፎቶ መነሻ አድርጌ፣ የመጨረሻውን ምስል ሞዴሉ ሳያየው አስቀምጬ በእሱ እፈትነዋለሁ፤ ውጤቱንም በለውጡ ብቻ እለካለሁ። አማካሪዬ 90 በመቶው ሲጠፋ ምን እንደሚል እንጃ።

ልደታ
የፖንቲየስን ጽሑፍ አትመህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለት።

ዋልካ
ትክክል ነው፣ አንድ ጨምር። ስዋት የሚባለውን የተፋሰስ ውሃ ሞዴል በዕለት ዝናብ አስገብተህ ጎርፍ አሳየሁ እንዳትል። ቀበና ትንሽና ቁልቁለታም ተፋሰስ ነው፤ ከእንጦጦ የወረደው ውሃ መሃል ከተማ የሚደርሰው በሰዓታት እንጂ በቀናት አይደለም፣ የዕለት ድምር ከፍተኛውን ፍሰት ይደብቅብሃል። ለዓመቱ የውሃ ሚዛን ስዋት ይሁን፣ ለጎርፉ ግን ሄክ ኤችኤምኤስ የሚባለውን ሞዴል ተጠቀምና ቢያንስ የሰዓት ዝናብ ጠይቅ። የዕለቱን ብቻ ሰጥተው ሊመልሱህ ይችላሉ፤ አውቶማቲክ ጣቢያ ያለውን ለይተህ በደብዳቤህ ላይ አስጽፍ።

ቀበና ማዶ
እሺ፣ ደብዳቤውን ዛሬ አስጽፌ ሰኞ ሜትሮሎጂ እሄዳለሁ። የሰዓቱን ካገኘሁ ፋይሉን እዚሁ እጭነዋለሁ።

ሰባ ደረጃ
እኔም ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ሜትሩን እይዛለሁ። ምሳ ግን ተማሪው ነው።